ባሕር አረብና ስሙ ያልተጻፈው እጅ

አክስቴ ዳዊቱን ያመጡልኝ በነጠላ ጠቅልለው፣ ነጠላውን ደግሞ በፌስታል ከተው ነው። ከደጀን አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሲመጡ ከጭናቸው አላወረዱትም። ጠረጴዛዬ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ መጀመሪያ ተሳለሙት፤ ከዚያ ሽፋኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «እየው እስቲ እንዴት እንደደበዘዘ! ቀይ ነበር እኮ፤ እንደ በርበሬ ቀይ» አሉኝ። የአያቴ ሠላሳኛ ሙት ዓመት ሲደርስ መጽሐፉ ለደብሩ እንዲሰጥ ቤተ ዘመዱ ተስማምቷል። ከዚያ በፊት ግን ቀለሙ ይታደስ ተባለ። «አንተ ቆዳ ትቀባ የለም እንዴ?»

እቀባለሁ። እንጀራዬ ሌላ ቦታ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በረንዳዬ ላይ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ የማስታወሻ ደብተር ሽፋን እሠራለሁ። ስለዚህ የአክስቴን ጥያቄ የአንድ ቅዳሜ ሥራ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አራት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻም ሽፋኑን አልቀባሁትም። ለምን እንዳልቀባሁት ነው የምነግራችሁ፤ ግን ነገሩ ከሩቅ ስለሚጀምር ከበግ ጠጉር እንነሣ።

ቆዳን በእጅ ለመቀባት የምጠቀምበት ዋና መሣሪያ የበግ ጠጉር ነው። በውጭ አገር በሽቦ ጫፍ ላይ ተድቦልቡሎ፣ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እኔ ግን ባና ከሚሠራበት ከመንዝ የመጣ ጠጉር አጥቤ፣ ፈልቅቄ፣ የዶሮ እንቁላል አክል አድቦልቡዬ ጫፉን በሲባጎ አስረዋለሁ። ለምን ጠጉር? ጥጥ ቀለሙን ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይተፋል፤ ቆዳው ላይም ብናኙን ይተዋል። ስፖንጅ ሲጫኑት የያዘውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። የበግ ጠጉር ግን በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ፈሳሹን በመካከሉ አቅፎ ይይዛል፤ በእጅ ግፊት ልክ ትንሽ በትንሽ ይሰጣል፤ ሲለቁት ደግሞ ወደ ቅርጹ ይመለሳል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ከቅባት ይጸዳል፤ ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ በስሱ ይረጥባል፤ ደረቅ ቆዳ መጀመሪያ የነካውን ጠብታ ውጦ እዚያው ላይ ጥቁር ነጥብ ያስቀራል። ጠጉሩ ቀለም ውስጥ ይነከርና ትርፉ በቁራጭ ቆዳ ላይ ይራገፋል። ከዚያ በትንንሽ ክብ፣ ሳይጫኑ፣ ሳያቆሙ ማሸት ነው። ማቆም የለም። ስልክ ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ፣ የጀመሩትን ገጽ ሳይጨርሱ አይነሡም፤ የቆሙበት ጠርዝ ከደረቀ ያ መስመር ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። የመጀመሪያው እጅ ሁልጊዜ ያስቀይማል፤ ዥጉርጉር ይሆናል። ሁለተኛው እጅ በእሱ ላይ አግድም ይሄዳል፣ ሦስተኛው እንደገና በክብ። አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት አራት ስስ እጅ ይሻላል። ቀለሙ ሲደርቅ ይፈዛል፤ እርጥብ ሳለ ያየውን አምኖ ያቆመ ሰው ጠዋት ያዝናል። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ፣ ጨርቁ ቀለም መያዙን እስኪተው ድረስ ይወለወላል። ከዚያ ቅባት፣ ከዚያ ሰም።

ቆዳውም እንደ ቦታው ይለያያል። የጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀለሙን በእኩል ይቀበላል፤ የሆዱ ልል ስለሆነ ይጠጣል፣ ይጠቁራል። ፍየሏን እሾህ የቧጨራት፣ መዥገር የነከሳት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ይወጣል። በርሜል ውስጥ ብዙ ሰዓት የተነከረ ቆዳ ቀለሙ ከፊት እስከ ጀርባ ሊዘልቅበት ይችላል፤ ሲቆረጥ ውስጡም ያው ነው። በእጅ የተቀባ ቆዳ ግን ሲቆረጥ ዳሩ ያሳብቃል፤ ላዩ ቀይ፣ ልቡ ቡናማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን። ጠጉሩ አይነጻም። ቆዳም የበግ ጠጉርም ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸውና ቆዳን የሚይዝ ቀለም ብዙ ጊዜ ጠጉርንም ይይዛል። በሳሙና ቢታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ አንዴ ቀይ የሆነ ጠጉር ቀይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለየቀለሙ የየራሱ ድብልብል አለኝ። አልጥለውም፤ ይኸኛው የቀይ ነው፣ ያኛው የጥቁር ነው እያልኩ አስቀምጠዋለሁ።

እንግዲህ ዳዊቱን መብራት ሥር አስቀምጬ ማየት ጀመርኩ። አሠራሩ የምናውቀው የአገራችን ጥራዝ ነው። ሁለት የእንጨት ገበታ፤ ገበታውን ከውጭ ያለበሰ ቆዳ፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተለጠፈ፤ በታጠፉት ጠርዞች መካከል ባዶ በቀረው የገበታው ክፍል ላይ አበባ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ። ላዩ በጋለ ብረት ተደጉሷል፤ መካከሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን መስመርና ሐረግ። እጅ፣ ላብና የጧፍ ጢስ የነካው ላዩ ወደ ቡናማ ሄዷል። ወደ ውስጥ የታጠፈው፣ ብርሃን ያላየው ጠርዝ ግን አክስቴ እንዳሉት በርበሬ ነው።

እዚያ ላይ ነው በአጉሊ መነጽር ክቦቹን ያየኋቸው። ትንንሽ፣ የተደራረቡ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩ። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ መስመር አለ፤ እጁ እዚያ ቆሟል። ቆዳው ከእንጨቱ በተላቀቀበት ዳር ስመለከት ልቡ ቡናማ ነው። ይህ ቆዳ አልተነከረም፤ ታሽቷል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገውን አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ጎጃም ውስጥ አድርጎታል፤ በመካከሉም አንድ ነገር አስቆሞታል። ልጅ አልቅሶ ይሆን? ዝናብ መጥቶ?

ማን ነበር? በአገራችን መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከማግኘት ሌላ ብዙ ነገር ማግኘት ይቀላል።

የቆዳው ስም ራሱ አይረዳም። ባሕር አረብ ይባላል። ልጅ ሳለሁ ቃሉን የምሰማው ከኮርቻና ከመጽሐፍ ጋር ነበር፤ የባሕር አረብ ኮርቻ፣ በባሕር አረብ የተደጎሰ ዳዊት። ለስላሳ፣ በደንብ የለፋ፣ ቀይ ቆዳ ማለት ነው። ስሙ ከባሕር ማዶ፣ ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ ያስመስለዋል፤ በዚያ መንገድ ለመጣ ቆዳ ወጥቶ ኋላ እዚሁ ለተለፋውም ሳይተርፍ አልቀረም። ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው የሚጠራው። የእንግሊዝ ጫማ ሠሪ በጥንቱ ስሙ ኮርድዌይነር፣ የፈረንሳዩ ኮርዶኒዬ ነው፤ ሁለቱም ቃል በቆዳዋ ከታወቀችው ከስፔኗ ኮርዶባ ወጥቷል። ቀለም የገባውን ምርጥ የፍየል ቆዳ ደግሞ አውሮፓውያን «ሞሮኮ» ይሉታል።

በሞሮኮ ስም ከተሸጠው ቆዳ ከፊሉ ግን መነሻው ሞሮኮ አልነበረም። ጀርመናዊው ተጓዥ ሃይንሪሽ ባርት እ.ኤ.አ. በ1851 በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ከተማ ሲደርስ፣ ከማሽላ አገዳ በሚወጣ ጭማቂ የቀላ የበግ ቆዳ በብዛት እስከ ትሪፖሊ እንደሚላክ መዝግቧል። የሐውሳ ሰዎች ቆዳውን ባጋሩዋ በሚሉት የግራር ፍሬ ያለፉታል፣ ያቀሉታል። ከዚያ በግመል ጭነት ሰሃራን ያቋርጣል። ባሕሩን ተሻግሮ አውሮፓ ሲገባ ስሙ ሞሮኮ ሆኖ ይጠብቀዋል። ካኖ ላይ ያቀላው ሰው ሞሮኮን በዐይኑ አይቶ አያውቅም። ቆዳ ስሙን የሚያገኘው በመጨረሻ ከተሸጠበት ገበያ ነው፤ መጀመሪያ ካሸው እጅ አይደለም።

ቆዳ ማቅለም ራሱ በመጽሐፍ ያልሰፈረ ሥራ ሆኖ አይደለም። በጣሊያን ሉካ ከተማ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ የተጻፈ የላቲን ብራና ስለ ቆዳ ማቅለም መመሪያ ይዟል። ጆቫንቬንቱራ ሮሴቲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1548 ቬኒስ ላይ ያሳተመው «ፕሊክቶ» የተሰኘ የቀላሚዎች መጽሐፍ ከሱፍና ከሐር ቀጥሎ ለቆዳ ቦታ ሰጥቷል። መንገዱም ሁለት ነው፤ መንከር ወይም ማሸት። መንከር ብዙ ቆዳ፣ ብዙ ቀለም፣ ትልቅ ገንዳ ይፈልጋል። ማሸት ትንሽ ቀለም ይበቃዋል፣ የሚታየውን ፊት ብቻ ይቀባል። በሞሮኮዋ ፌስ፣ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ በሚያነሣቸው የቀለም ጉድጓዶች መካከል፣ ቢጫው ቆዳ ግን በእጅ ሲታሽ የኖረ ነው፤ ቢጫው የሚወጣበት ሳፍሮን በገንዳ ሙሉ የሚበጠበጥ አይደለምና። ለጎጃሙ ሰውዬም ስሌቱ ያው ነው። አንድ ፍየል፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ እፍኝ ቀለም።

ከቃላቶቻችን ጋር ደግሞ ጥቂት ልቆይ። ቆዳው «ለፋ» እንላለን፣ ሰውየውም «ለፋ» እንላለን። «ቀለም» ቀለም ነው፣ ፊደልም ነው፣ ትምህርትም ነው፤ የቀለም ሰው ስንል የተማረ ማለታችን ነው እንጂ እጁ የቀላ ማለታችን አይደለም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ፋቀ» ነው። ብራና የሚዘጋጀው ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ነው፤ አይለፋም። ብራና የሚፍቀው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ወይም ደቀ መዝሙሩ ነው። ብራና ፋቂ ቢባል ክብሩ አይቀንስም፤ ሥራው የቤተ ክህነት ሥራ ነው። ያንኑ የፍየል ቆዳ በእምቧይ ፍሬ ወይም በግራር ቅርፊት አልፍቶ ለሽፋን የሚያበቃው ሰው ግን ባዶውን «ፋቂ» ነው። ቃሉ ስድብ ነው። ቡዳ ነው ይባላል፣ ዐይኑ ይፈራል፣ ልጁን የሚያገባ የለም። ሁለቱም ቆዳ ፍቀዋል፤ መጽሐፉም ያለ ሁለቱ አይቆምም። ውስጡን የፋቀው መሪጌታ ተባለ፣ ውጩን የፋቀው ቡዳ።

ጸሐፊው ሲጨርስ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ምርቃት ይጽፋል። የጻፈው፣ ያጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጎመው፣ የሰማው ሁሉ በአንድነት ምሕረት እንዲያገኙ ይለምናል። የአያቴ ዳዊትም ይህ አለው፤ የጸሐፊው የክርስትና ስም በቀይ ተጽፎ ይታያል። አምስቱን ቆጠርኳቸው። ያለፋውና የቀባው የሉበትም።

መጽሐፉ የተሸፈነበትን ቀይ ቆዳ ግን የሃይማኖቱ መጽሐፍ ራሱ ያከብረዋል። ኦሪት ዘጸአት 25 ላይ እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ከሕዝቡ ከጠየቀው መባ መካከል ከወርቅና ከብር ጋር ቀይ የተቀባ የአውራ በግ ቆዳ ይገኛል፤ ለመገናኛው ድንኳን ልባስ ሆኗል። የሐዋርያት ሥራ 9 ደግሞ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በስምዖን ቤት እንደነበር ይነግረናል። የስምዖን ሥራ ምን ነበር? የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሸፍን «ቁርበት ፋቂ» ይለዋል። ይህን ምዕራፍ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ስድብ የነበረውና ሐዋርያው ያደረበት ቤት አንድ ቃል መሆኑን ያስተዋልኩት ግን በዚያ ሰሞን ነው።

መንግሥትም ነገሩን ያውቀው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው ስም እየጠሩ ማዋረድ እንዲቀር አዘዋል፤ ጥበበኛ ከተሰደበ ጥበብ ከአገር እንደሚጠፋም አስጠንቅቀዋል። ዐዋጅ ግን ገበያ ላይ ይነገራል፤ ስድቡ የሚነገረው ጓዳ ውስጥ፣ ልጅ ሲዳር ነው። ተጓዦችም ቢሆኑ ያደነቁት ዕቃውን ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር አሥር ቀን ቆይቶ ሲመለስ የከተማዋን የመጽሐፍ አጠራረዝ ከፋርስ በቀር በምሥራቁ ዓለም አቻ የለውም እስከማለት አወድሷል። ሙገሳው ለሐረር ደረሰ። የሠሪዎቹ እጅ እንደ ካኖው ሁሉ ከከተማው ስም ኋላ ቀረ።

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ሳለ አንድ ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዳዊቱን ማን ነው የደጎሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። አባባ ከአባታቸው ነው የወረሱት።»

«ቆዳውንስ ማን አለፋው?»

ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ። ምን አስነሣብህ ይሄን ደግሞ?»

ስለ ክቦቹ ነገርኳቸው። በምን እንደተቀባ ጠየቁኝ፤ እኔ የምቀባበትን የበግ ጠጉር ነገርኳቸው፣ አንዴ ቀይ ከሆነ እንደማይነጻ ጭምር። ይህን ያልኩት ወሬ ለማሳመር ነበር። እሳቸው ግን ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ያ ቀይ ነገር!» አሉ።

ልጅ ሳሉ አያታቸው፣ ማለትም የእኔ ቅድመ አያት፣ ጓዳ ውስጥ ቆጡ ላይ ሸጉጣ የምታኖራት ቅል ነበረች። ቅሏ ውስጥ አንድ ቀይ ድብልብል ጠጉር አለ። «እንቁላል ታክላለች። እኛ መተት መስሎን እንሸሻት ነበር። እናቴማ እንዳትነኩ፣ እጃችሁ ይቆረጣል ትለን ነበር። እምዬ ስትሞት ቅሏን ከነምኗ እሳት ውስጥ ጨመረቻት፤ ለልጆቼ አይተርፍም ብላ።»

«ለምን መተት ይሆናል?»

«የፋቂ ልጅ ነበረቻ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው። «አባትህም የሚያውቅ አይመስለኝም። ደብተራው ሲያገባት ቤተ ዘመዱ ደጁን ረግጦለት አያውቅም። ዳዊቱን እሱ ጻፈው፣ እሷ ቀባችው ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ማን ይመስክር? አባባ ግን እስኪሞቱ ድረስ ስለ እናታቸው ትውልድ አንድ ቀን አልተነፈሱም። በቃ፣ እናቴ ደግ ነበረች፤ ያው ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። አያቴ በየጠዋቱ ያንን ሽፋን ተሳልመው ነው ዳዊታቸውን የሚከፍቱት። በልጅነቴ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ። የእናታቸውን ወገን ለማንም ሳይናገሩ፣ የእናታቸውን የእጅ ሥራ በየቀኑ ይስሙ ነበር። ያውቁ ነበር? አሁን የማውቀው ቢያውቁም እንኳ አይነግሩኝም ነበር የሚለውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሽፋኑን ስላለመቀባቴ። አንደኛው ምክንያት የሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን የሚገኘው የጥበባት ማኅበር የመጻሕፍት ቆዳ ለምን ቶሎ እንደሚበሰብስ የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር፤ ታዋቂው ጠራዥ ዳግላስ ኮከሬል ከአባላቱ አንዱ ነው። ኮሚቴው ያገኘው የዘመኑ ቆዳ ከጥንቱ ይልቅ ቶሎ እንደሚያረጅ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ቀለሙ እኩልና ደማቅ እንዲሆን ወደ መንከሪያው የሚጨመረው ሰልፈሪክ አሲድ ነበር። አሲዱ ታጥቦ አይወጣም፤ ዓመት በዓመት ቆዳውን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፣ በመጨረሻ ሲነኩት እንደ ቀይ አፈር ይረግፋል። ደማቅ ቀለም መፈለግ ራሱ ቆዳውን ገደለው ማለት ነው። ያረጀ ቆዳ ላይ ውኃ ወይም አልኮል ያለበት ቀለም መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ አይመለስም። የብራና መጻሕፍት የሚጠግን አንድ ወዳጄን ሳማክረው መልሱ አጭር ነበር። «አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሣለት፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ።»

ሁለተኛው ምክንያት ክቦቹ ናቸው። በቅድመ አያቴ እጅ ላይ የእኔን እጅ ብደርብ ሽፋኑ ቀይ ይሆን ነበር፣ ቤተ ዘመዱም ደስ ይለው ነበር። ግን ከእሷ የቀረን ሌላ ነገር የለም። ፎቶ የላትም፣ መቃብሯ ላይ ድንጋይ የለም፣ ቅሏ ተቃጥላለች። ካለማክበር የተረፈውን እኔ በማክበር ላጠፋው ነው።

ስለዚህ ለዳዊቱ ማኅደር ልሠራለት ወሰንኩ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው፤ በዕፅዋት የለፋ የፍየል ቆዳ እስካገኝ ድረስ ብዙ ተመላለስኩ። ቆርጬ፣ አጽድቼ፣ አርጥቤ ቀዩን ጠጉር አነሣሁ። አንደኛው እጅ እንደተለመደው ዥጉርጉር ሆነ። ሁለተኛው ሸፈነው። ሦስተኛው እጅ ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። አክስቴ ነበሩ። አላነሣሁም፤ ዳር እስክደርስ ድረስ እያየሁት ጮኾ ጮኾ ቆመ። ጨርሼ፣ እጄን ሳልታጠብ መልሼ ደወልኩ።

«ስሟን አልነገርኩህም ብዬ ነው» አሉ። ነገሩኝ። የክርስትና ስሟንም ነገሩኝ።

«ማኅደሩ ውስጥ ልጻፈው እትዬ? የቀባችው እሷ ናት ብዬ?»

«ለደብሩ የሚሰጥ አይደለም እንዴ? ሰው ያነበዋል።»

«ያነበዋል።»

አሁንም ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲህ ያንብበው» አሉ። «ግን በጥቁር ጻፈው። በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም ነው።»

እንዳሉት አደረግሁ። አንድ ቁራጭ ብራና ላይ፣ በጥቁር፣ ስሟንና የሠራችውን ጽፌ ማኅደሩ ውስጥ ሰፋሁት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አክስቴ የፈቀዱት ለዚያ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ መጥተው ሲወስዱት ቀለሙን ገለባብጠው አዩት፣ አሸተቱት፤ የሆዱን በኩል በጣታቸው ነክተው «እዚህ ጋ ጠቆረብህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሆድ ቆዳ ይጠጣል።

ቀዩ ድብልብል አሁን የበረንዳዬ መስኮት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ አንሥታው፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።